ከእህት ቀድሞ የሚጠየቅ አኮርዲዮን

ልብስ ሰፊዋን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረባት ነገር ይሄ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለው ታናሽ ወንድሟ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ አኮርዲዮኑ ነው። «እታለም፣ አኮርዲዮኑ ደኅና ነው?» ጣሪያው ያፈሰሰ ክረምት «አኮርዲዮኑ ላይ ጠብ አለ እንዴ?» አላት። ትኩሳት ይዟት ድምጿ የተዘጋ ጊዜ ደግሞ «ብርድ እንዳያገኘው አደራ!» ብሎ ዘጋው።

«ብርድ ያገኘኝ እኔ!» ትላለች፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ። ለሱ ግን ትንፍሽ አትልም። ጠይቀኝ ብሎ ለምኖ መጠየቅ ምን ሊረባ?

ወንድሟ ሲሄድ «በወሩ አስወስደዋለሁ» ብሎ ነበር ቁም ሣጥኑ አናት ላይ የሰቀለው። ይኸው እስከ ዛሬ እንደ አማት ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያታል።

ዘንድሮ ታዲያ እየጮኸ ደወለ። አንድ የሙዚቃ ቡድን ሊቀጥረው ነው፤ የራሱን መሣሪያ ይዞ እስከ ወሩ መጨረሻ ከቀረበ። እዚያ ልግዛ ቢል አቅሙ አይደርስም። «እንደ ምንም ብለሽ ላኪልኝ፣ እታለም። ብቻ ርካሽ መንገድ ፈልጊ።»

ባሏ አናጢ ነው። «ሣጥኑን ለኔ ተዪው» አለና ከወፍራም ጣውላ ገጣጥሞ፣ በየስንዝሩ ብሎን አሰረበት። ሲያልቅ ለሁለት ሆነው ከመሬት ማንሳት አቃታቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ አኮርዲዮኑ እንዳይሰበር ነው ወይስ እንዳያመልጥ?»

«ጠንካራ ይሁን አላልሽም?»

«ጠንካራ አልኩ እንጂ ምሽግ ሥራ አልኩህ?»

በጋሪ አስጭነው ዕቃ መላኪያ ቢሮ ወሰዱት። ጸሐፊው ሚዛን ላይ አሰቅሎ ብጣሽ ወረቀት ላይ ዋጋውን ጻፈላት። ልብስ ሰፊዋ ፊደል ላይ ደከም ትላለች፤ ቁጥር ላይ ግን የሚያታልላት የለም።

«ልጄ፣ ይሄ ስልክ ቁጥርህ ነው?»

«ዋጋው ነው፣ እናቴ። ሣጥኑ ከመሣሪያው ሦስት እጥፍ ይከብዳል እኮ።»

አንዴ ከያዘች አትለቅም፤ ትልቅ ካርቶን ፈልጋ አኮርዲዮኑን መሐል አስቀመጠች፤ ዙሪያውን ጥጥና ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት። ላባ ሆነ። ብቻዋን ተሸክማው ስትገባ ደረቷን ነፍታ ነበር። ጸሐፊው ግን ሚዛኑን ትቶ ሜትር መዘዘ፤ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ቁመቱን ለካ።

«ምነው፣ ሱፍ ልትሰፋለት ነው?»

«እናቴ፣ ቀሎ ከገዘፈ የምናስከፍለው በሚይዘው ቦታ ነው።»

«ጥጥ እኮ ነው!»

«ጥጡም ቦታ ይዟል።» የጻፈው ዋጋ ከፊተኛው ባሰ።

«በመርከብስ?»

«እሱ ርካሽ ነው። ሁለት ወር ይፈጃል እንጂ።»

ሁለት ወር! ወንድሟ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ነገሩ ሁሉ የሰማይ ላም ሲሆንባት ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች፤ ካርቶኑ ሰመጠ፣ እሷም አብራ። ጸሐፊው ሳቁን ውጦ ደግፎ አነሳትና ሦስት ቁጥር ጽፎ ሰጣት። «የሚሄድ ሰው ይፈልጉ። ከዚህ ልክ ካላለፈ እንደ እጅ ሻንጣ ይዞት ይገባል።»

ልክ ለልብስ ሰፊ ይነገራል? ቤቷ ገብታ አኮርዲዮኑን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችና እንደ ወፍራም ደንበኛ ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ትከሻውን ለካች። ወናፉ ጥርቅም ብሎ ሲዘጋ፣ ማንገቻውም ሲወልቅለት፣ አንድ ጣት ትርፍ ቀረ። ያቺኑ አንድ ጣት በካፖርት ጨርቅና በስስ ጥጥ ሞልታ፣ ልኩን የጠበቀ ቦርሳ ሰፋችለት።

«ካፖርት አለበስሽው እኮ!» አለ ባሏ።

«ዝም በል። ያንተ ምሽግ ላይ ዶሮ ሰፍራበታለች።»

ሰው ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ደንበኛዋ ነርስ ለሥልጠና ወንድሟ ወዳለበት ከተማ ሐሙስ ትበራለች። ልብስ ሰፊዋ ጉዳዩን ያነሳችው ነርሷ ቀሚሱን እየለካች፣ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ መርፌ ተሰክቶባት መነቃነቅ በማትችልበት ሰዓት ነው።

«እትዬ፣ የኔስ የእጅ ሻንጣ?»

«ልብስሽን ትልቁ ውስጥ አጣጥፌ እከትልሻለሁ። እንደኔ የሚያጣጥፍ አታገኚም።»

«እምቢ ብልስ?»

«መብትሽ ነው። ከነመርፌው ትሄጃለሻ!»

ነርሷ ሳቀች፤ ወዲያው ወጋትና «እሺ፣ እሺ!» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ቦርሳውን ሰጠቻት፤ እጀታውን ግን አልለቀቀችም።

«አደራ አለኝ። ስትደርሺ ዘለሽ እንዳትሰጪው። መጀመሪያ ‹እህቴ እንዴት ናት› ይበል። ‹አኮርዲዮኑስ› ካለሽ አቅፈሽው ቁሚ።»

«ባይጠይቅስ?»

«ይዘሽው ትመለሻለሽ።» ፊቷ ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

«ሥራው ይቅርበት?» አለ ባሏ ደንግጦ።

«ይቅርበት!» አለች። ያን ቀን ግን ሁለት እጅጌ አዟዙራ ሰፋች።

አርብ ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እታለም!» አለ ወንድሟ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዴት ነሽ?»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ይቺ ሴትዮ አቅፋው ቆማለች፣ አልሰጥም አለችኝ። ሰው እያየን ነው።»

«ይይ።»

«ጤናሽስ?»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«ጉልበትሽን?» ድምፁ ዝቅ አለ። «ከመቼ ጀምሮ? አልነገርሽኝም እኮ፣ እታለም።»

«አልጠየቅኸኝማ።»

«በይ ንገሪኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሉንም።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች፤ የስፌት መኪናዋን ክዳን ከደነች፤ ተደላድላ ተቀመጠችና እሱ ከሄደበት ሳምንት ጀመረችለት። ከጉልበቷ ወደ ጥርሷ፣ ከጥርሷ ወደ ቤት ኪራዩ ስትሻገር፣ ከሩቅ የነርሷ ድምፅ መጣ፤

«እትዬ፣ ክንዴ ተገነጠለ! ልስጠው?»

«ትንሽ ያዢው፣ የኔ እናት» አለች። «ገና ሁለተኛው ዓመት ላይ ነኝ።»