የግመሉ ኩላሊት

የአውቶቡስ ሾፌር ጓደኞቹ «ግመሉ» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መሪ ከጨበጠ ውሃ አይቀምስም፤ ከጠጣ ሽንት ይመጣል፣ ለሽንት ከቆመ ተራው ያልፈዋል። በጥም የሚኮራ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ እሱን ማየት ነበር።

የታናሽ እህቱ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን እጥበት ትኖራለች። ከቤተሰቡ በምርመራ የገጠመላት እሱ ብቻ ነው። «አንዱን ትውሰድ፤ በቀረው እኔ እነዳለሁ» እያለ ሲቀልድ ከረመ። የቀረው አልትራሳውንድ ብቻ ነበር።

ሐኪሟ ቀዝቃዛውን ቅባት ጎኑ ላይ ቀብታ መሣሪያውን ስታንሸራትት እሱ ጣሪያውን እያየ ያፏጫል። እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወደ ሌላው ጎን ዞረች፤ እዚያም ቆመ።

«ስክሪኑ ላይ ይኼን ነጭ ነገር ያዩታል? ከኋላው ጥላ ጥሏል። ጠጠር ነው። በቀኝ ሦስት፣ በግራ ሁለት። ግራው ሽንቱ መውጫ አጥቶ አብጧል።»

«አሞኝ አያውቅም እኮ።»

«ካልተንቀሳቀሰ ላያምዎት ይችላል። ውሃ ይጠጣሉ?»

እንደገና ጣሪያውን አየ።

«ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፤ በውስጡ ያለው ጨው ረግቶ ጠጠር ይሆናል።»

«አውጡትና አንዱን ውሰዱላት።»

«ቢወጣም ሊመለስ ይችላል። አንድ ብቻ ቀርቶዎት እሱ ቢዘጋ ሁለታችሁም ማሽን ላይ ናችሁ። መስጠት አይችሉም። ከዛሬ ጀምሮ በቀን ሦስት ሊትር ይጠጡ።»

ሊቆም ይችል የነበረባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ መጡበት፤ ድልድዩ ዳር፣ ማደያው፣ ከዳገቱ በላይ ያለው ዛፍ ሥር። አምስት አምስት ደቂቃ ነበር። እህቴን የገደልኳት በቆጠብኩት አምስት ደቂቃ ነው አለ በልቡ፤ የሚያስተባብለውም አልነበረም።

የገዛውን የውሃ ጠርሙስ ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ እጥበት ክፍል ገባ። እህቱ ደሟ በቱቦ እየወጣ እየተመለሰ ተኝታለች። ለእሷ የተፈቀደላት በቀን ሁለት ኩባያ ብቻ ነው፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ፣ ምን አሉህ?»

ሊዋሻት አስቦ ነበር፤ አፉ እምቢ አለው። ነገራት። ማሽኑን አየች። ከዚያ ዓይኗ ኮቱ ላይ ዐረፈ።

«ምን ደብቀህ ነው?»

«ውሃ። ጠጣ ብለውኝ ነው። ውጭ እጠጣዋለሁ።»

«እዚሁ ጠጣ። አሁን ግመሏ እኔ ነኝ። ልይህ።»

ጠጣ። እሱ በተጎነጨ ቁጥር የእሷም ባዶ ጉሮሮ አብሮት ይውጥ ነበር።