ስኳሯ ወርዷል

«ስኳሯ ወርዷል!» አለች ነርሷ አጆክ፣ ዓይኗን ከመለኪያው ሳታነሳ።

«አልሀምዱሊላህ!» አለች ጀውሀራ።

አጆክ ቀና ብላ አፈጠጠችባት። ጀውሀራ ግራ ገባት። ለስድስት ወር ሙሉ «ወጥቷል» ሲሏት ስታለቅስ ከርማ፣ ዛሬ ወረደ ሲባል ማመስገኗ ምን ጥፋት አለው? ወባ ይዟት እዚህ ጁባ ሆስፒታል የገባችው የሰባት ዓመቷ ልጇ ሲድራም በላብ ተጠምቃ ተኝታለች። ላብ ደግሞ ወባው ለቆ መውጣቱ ነው ብላ ነበር።

«ሲድራ! ሲድራዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» አጆክ የልጅቷን ጉንጭ መታ መታ አደረገች። ልጅቷ ከንፈሯን ከማንቀሳቀስ በቀር አልመለሰችም። አጆክ ወደ በሩ ዞራ «ግሉኮስ! ቶሎ!» ብላ ጮኸች። ከጋዋኗ ኪስ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ነጩን ነገር መዳፏ ላይ ዘርግፋ በውሃ አራሰችና ወደ ልጅቷ አፍ ሰደደችው።

ጀውሀራ የነርሷን እጅ ለቀም አደረገች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስኳር። ልቀቂኝ።»

«ስኳር በሽታ ላለባት ልጅ ስኳር? ልትገድያት ነው?»

«ሠላሳ ስምንት ነው የሚለው! ወረደ ማለት ተሻላት ማለት አይደለም። ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር እያለቀ ነው። ልቀቂኝ አልኩሽ!»

ከጎን አልጋ ልጇን የምታስታምመው ኤቨሊን ተነስታ ቆመች። «ያ ሀበሺያ፣ ኸሊ!» አለቻት፣ ተያት ለማለት።

ጀውሀራ ለቀቀቻት። የለቀቀቻት አምናት ሳይሆን የሲድራ ዓይን ነጩ ብቻ ሲቀር አይታ ነው። አጆክ ስኳሩን በልጅቷ ድድና ጉንጭ መካከል አሸችው። ግሉኮሱ ሲመጣም በእጇ ላይ በተሰካው መርፌ ሰጠቻት።

ጀውሀራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚህች ነርስ ጋር ገና ከመጀመሪያው ቀን አልተዋደዱም። ያን ቀን ማላኪያ ገበያ፣ ጨርቃጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ ላለው ለባሏ ለሙኽታር ደውላ፣ «ነርሷ ፊቷ አይፈታም፣ ምን እንደምትወጋትም እንጃ» አለችው። ይሄኔ ከኋላዋ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «የምወጋት ኢንሱሊን ነው። ፊቴን ደግሞ ከእናቴ ነው የወረስኩት» የሚል ድምፅ መጣ። አጆክ ጋምቤላ አድጋ አዲስ አበባ ነርሲንግ የተማረች ኖራለች። ጀውሀራ ከዚያ ወዲህ ስልክ የምታወራው ውጭ ወጥታ ነው።

ትናንት ደግሞ በዓይኗ ያየችው ነገር ነበር። አጆክ የመድኃኒት ጠርሙሶች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በጓሮ በር ወጣች፤ ስትመለስ እጇ ባዶ ነበር። ኤቨሊን «በከተማው ደዋ ማፊ፣ መድኃኒት የሚባል የለም» እያለች ስታማርር ሰንብታለች። ጀውሀራ ነገሩን ገጣጠመችው። ነርሷ መድኃኒቱን አውጥታ ትሸጠዋለች፤ ልጄን ውሃ ትወጋታለች።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አጆክ ወግታት ካለፈች በኋላ፣ ሐኪሙ አልጋ ለአልጋ ሲዞር፣ ከቤት ያመጣችውን የኢንሱሊን ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች። በሻርፗ ከልላ ደግማ ወጋቻት።

«ኡሚ፣ ተወግቻለሁ እኮ!» ብላት ነበር ሲድራ።

«ዝም በይ። ይሄኛው የእኛ ነው።»

አሁን ሲድራ ዓይኗን ገለጠች። «ኡሚ፣ ራበኝ» አለች። አጆክ ወተት አስይዛት፣ ዳግመኛ ለክታ ወደ እናትየው ዞረች።

«ሰማንያ አንድ ገብቷል። ስሚኝ፣ የሲድራ እናት። ጠዋት ስድስት ዩኒት ነው የወጋኋት። ወባው ራሱ ስኳር ያወርዳል፣ ግን እንዲህ አይጥላትም። ገንፎውን ጨርሳለች ብለሽኛል። ጨርሳለች?»

«ጨርሳለች።»

«ሌላ ሰው ወግቷታል?»

«ማን ይወጋታል?»

«ከወጋት ልወቀው። ድፍርሱ ጠርሙስ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን ከሆነ፣ እስከ ማታ አይለቃትም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይጥላታል። እኔ ሌላ አልጋ ጋ ልሆን እችላለሁ። አንቺ ደግሞ እንቅልፍ ወሰዳት ብለሽ ዝም ትያለሽ።»

ጀውሀራ ቦርሳዋን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። እሷ ይህን ብትናገር፣ ይቺ ነርስ ነገ ዋርዱን ሁሉ ሰብስባ «ልጇን ልትገድል የነበረችው ሀበሻ» አትላትም?

«እኔን ከምትጠይቂ» አለች፣ «ትናንት ጠርሙሶቹን ጠቅልለሽ የት ነው የወሰድሽው?»

አጆክ መለኪያውን ኪሷ ከተተች። «ነይ» አለቻት። ኤቨሊን ልጅቷን እንድታይላት ነግራት የጓሮውን በር ከፈተች።

ከበሩ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ የተተከለ ትልቅ የሸክላ ዚር ነበር። ጁባ ውስጥ በየበሩ የመጠጥ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ዓይነት። አጆክ ክዳኑን አንስታ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች።

«ፍሪጁ ከተበላሸ አምስት ቀኑ ነው። ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት አይወድም።»

በዕቃው ውስጥ አራት ጠርሙሶች ነበሩ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ፕላስተር። አንዱ ላይ «ሲድራ ሙኽታር» ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል። ጀውሀራ ጠርሙሱን አንስታ ክዳኑን ነካ ነካ አደረገች፤ ወደ ብርሃኑም አዙራ አየችው። ፊደሉን ሁለቴ አነበበችው።

«ለምን በአማርኛ?»

«አንቺ እንድታነቢው ነበር። ፊት ስትነሽኝ ጊዜ ማሳየቱን ተውኩት።»

ጀውሀራ ጠርሙሱን ወደ ዕቃው መለሰችው። ወደ አልጋው ተመልሳ ከቦርሳዋ ሥር፣ ከሲድራ ልብሶች መካከል፣ ከቤት ያመጣችውን ጠርሙስ አወጣች። ኤቨሊን እያየቻት ነው። ይሁን፣ ታይ።

«ድፍርሱ ነው» አለች። «ስድስት። ካንቺ በኋላ፣ ሐኪሙ ሲዞር።»

«ሦስት ሰዓት አካባቢ። ገንፎውስ?»

«ሁለት ማንኪያ። የቀረውን እኔ ነኝ የበላሁት።»

አጆክ ካርዱ ላይ ጻፈች። መለኪያውን ይዛ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሲድራ ስኳር ደግሞ ወረደ። አምሳ ሁለት ነበር። ስኳሩን በውሃ ያራሰችው ጀውሀራ ነበረች።