ከባቱ እስከ ሻሸመኔ

ቡዜ ሆራ መሮጥ የጀመረችው ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሮጣ የምታውቀው ታክሲ እንዳያመልጣት ብቻ ነበር። አዳማ መናኸሪያው አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ መድኃኒት ስትሰጥ ትውልና እግሯ አብጦ ቤቷ ትገባለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባሏ ይትባረክ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሊጫወት ሲወጣ አብራው ሄደች፤ እሱ እስኪጨርስ ዝም ብላ ከምትቀመጥ ብላ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። በሳምንቱ አራት ጊዜ ዞረች። ዓመት ሳይሞላት ከሥራ በፊት ወንጂ ደርሳ የምትመለስ ሴት ሆነች።

ሩጫን የወደደችበት ምክንያት ለማንም አልተናገረችውም። ቡዜ ጥርሷ ቡናማ ነው። ተወልዳ ያደገችው ከአርሲ ነገሌ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ መንደር ውስጥ ነው፤ የዚያን መንደር የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ሁሉ ጥርሱ እንደዚያ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለትምህርት አዳማ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ ከደንበኛ ጋር ስታወራም ከንፈሯን ሰብስባ ነው። ስትሮጥ ግን አፍ መከፈት አለበት። የሚያያት ሰው ቢኖር እንኳ አይቶ ሳይጨርስ አልፋው ትሄዳለች።

ሳይክል ያስለመዳት ኡበይደላ የሚባል ጎልማሳ ነው። በወጣትነቱ ለክለብ ይወዳደር ነበር፤ አሁን ሳይክል እየጠገነ ይኖራል። በየማለዳው በሱቁ በር ስታልፍ ሲያያት ከርሞ አንድ ቀን አስቆማት።

«አንቺ ልጅ፣ ለውድድር ነው ወይስ ለጤና?»

«ለራሴ ነው፣ ጋሼ።»

«ለራስ የሚሮጥ ሰው ነው ሩቅ የሚሄደው» አለና ከሱቁ ጓዳ አንድ አሮጌ የእሽቅድምድም ሳይክል አወጣላት። ፍሬኑን ቀየረላት፣ ኮርቻውን በቁመቷ ልክ አደረገላት፣ እሁድ እሁድ እሱም በራሱ ሳይክል እየተከተላት በሞጆ መንገድ ያስነዳት ጀመር። የአዳማን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። በኮረብታው ላይ የተደረደሩት የንፋስ ኃይል ማማዎች ክንፋቸው በፍጥነት በሚዞርበት ጠዋት፣ ፔዳሉን የቻለችውን ያህል ብትረግጥም በጎኗ የሚሄደው የአህያ ጋሪ ይቀድማታል። ኡበይደላ ከኋላዋ ሆኖ «እሱ ይለፍ! አንቺ ብቻ አትቁሚ!» እያለ ይጮህባት ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለ ውድድሩ ሰሙ። አማተር ስፖርተኞች ተሰባስበው ያዘጋጁት ነው፤ ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሳይክል፣ ከነገሌ እስከ ሻሸመኔ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በእግር። ሽልማት የለውም። ቡዜ የመንገዱን ዝርዝር ስታነብ የሳይክሉ መንገድ በአባቷ መንደር መታጠፊያ በኩል እንደሚያልፍ አየች። የዚያኑ ቀን ተመዘገበች።

ልምምዱ ከተጀመረ ሁለተኛ ወሩ ላይ ነው ኡበይደላ ነገሩን ያስተዋለው። የጭነት መኪና ከኋላቸው ጥሩምባ ነፍቶ አልፏቸው ሄደ፤ ቡዜ ግን ዞር ብላ ሳታይ በመንገዱ መሃል ነበረች።

«ለምን ዞረሽ አታይም? ልትሞቺ ነው?»

«አንገቴ ይዞኛል። ትራሱ ነው መሰለኝ።»

«ባለፈው እሁድም ትራሱ ነው ብለሽኛል።»

ኡበይደላ ከመሪው ጫፍ ላይ የሞተር ሳይክል ስፖኪዮ አሰረላት። እሷ ደግሞ ከፋርማሲው መደርደሪያ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወሰደች። መጀመሪያ ከረጅም ልምምድ በኋላ ብቻ ነበር የምትውጠው። ቀጥሎ ከልምምዱ በፊት ሆነ። ኋላም ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ትውጠው ጀመር። ሌላ ሰው በሐኪም ሳይታዘዝለት ይህን ያህል ቢወስድ ተቆጥታ ትመልሰው እንደነበር ታውቃለች።

ጥቅምት ውስጥ ብቻዋን ሄዳ ራጅ ተነሳች። ዶክተሯ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ በጥሞና አየችው። የቡዜ የጀርባ አጥንት ነጭ ነበር፤ ከመጠን በላይ ነጭ።

«የት ነው ያደግሽው?»

ነገረቻት።

«ጥርስሽን ላየው?»

ቡዜ አፏን ከፈተች። ዶክተሯ ብዙ አላየችውም፤ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። ጥርስ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አጥንት ውስጥ ይገባል። አጥንቱ ይወፍራል፣ ጅማቱ ራሱ ወደ አጥንት ይለወጣል። አንገትሽ የማይዞረው ለዚህ ነው።»

«ያንን ውሃ ከተውኩት አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ እኮ።»

«የገባው ገብቷል።»

«መድኃኒቱስ?»

ዶክተሯ ጥያቄው ከፋርማሲ ባለሙያ እንደመጣ ታውቃለች፤ ቡዜ ሥራዋንም ሳይክሉንም ስትገባ ነግራታለች። «ማስታገሻ ነው ያለው። እሱንም ቀንሺ፣ ኩላሊትሽን ይጎዳል። ሳይክሉን ደግሞ ተይው፤ ብትወድቂ አጥንትሽ እንደሌላ ሰው አጥንት አይደለም።»

«መሮጡን ባቆምስ? ባቆም ይተወኛል?»

«አይተውሽም» አለች ዶክተሯ። ፊልሙን ከመብራቱ እያወረደች «ልዋሽሽ አልችልም» አለች።

ቡዜ ፊልሙን በቢጫ ፖስታ እንደያዘች ወጣች። ለይትባረክ አልነገረችውም፤ ለኡበይደላም። በማግስቱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጠች።

በሳምንቱ አባቷን ልታይ መንደሯ ሄደች። አቶ ሆራ ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ወገቡ ከታጠፈ አሥር ዓመት አልፎታል፤ በሁለት ዱላ ተደግፎ ሲቆም ፊቱ ወደ መሬት ነው። ሰውን የሚለየው በድምፅና በጫማ ነው። ቡዜ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ገና ሳትናገር «ኢንተላ ኮ» አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው። ከዚያ በኦሮምኛ፣ «አረማመድሽ ተለውጧል» አለ።

አጠገቡ ተቀመጠች። ቢጫውን ፖስታ ማውጣት አላስፈለጋትም።

«አባ፣ እርስዎን ሲጀምርዎ እንዴት ነበር?»

ከዱላዎቹ አንዱን መሬት ላይ አስተኛው።

«መጀመሪያ አንገት ነው። ከዚያ ወገብ። እኔ የእርሻ ሥራ መስሎኝ ነበር፣ ሳርፍ ይተወኛል እያልኩ።»

«እግርዎስ?»

«እግር ቆይቶ ነው። ጉንዳን የወረረው ይመስላል። ከዚያ ጉንዳኑም ይጠፋል።» ጫማዋን አየ። «ጀመረሽ እንዴ?»

«እግሬን ገና ነው።»

ሆራ በቀረው ዱላ ጫፍ በእግሮቹ መሃል ያለውን አፈር ጫር ጫር አደረገ።

«ያንን ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከነበሩት አንዱ እኔ ነኝ» አለ። «ታውቂያለሽ። ውሃው የወጣ ቀን ልብሴን ሳላወልቅ ነው የታጠብኩበት። ከዚያ በፊት የምንጠጣው የኩሬ ውሃ ነበር፤ ሁለቱን ታላላቆችሽን በአንድ ክረምት ተቅማጥ ወሰዳቸው። ጉድጓዱ ከወጣ በኋላ ከልጆቼ አንድም አልሞተብኝም። አንቺን እያጠጣሁ ያሳደግኩሽ ደስ እያለኝ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ባልቆፍረው ይሻል ነበር ልበል?»

እጁን ያዘችው። ስትሄድ ስለ ውድድሩ ነገረችው፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ግድም በመታጠፊያው እንደምታልፍ። «እመጣለሁ» አላት።

ውድድሩ የካቲት ውስጥ፣ እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከባቱ ተጀመረ። ሰባ ያህል ሰው ነበር፤ አብዛኛው ወጣት ነው። ቡዜ ከመነሳቷ በፊት ሁለት እንክብል ዋጠች። ኡበይደላ ዕቃ በሚጭነው ፒክአፕ ቀድሞ ወደ ነገሌ ሄዷል፤ ይትባረክ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ሻሸመኔ ነው፣ መጨረሻው መስመር ላይ በስልኩ ቪዲዮ ሊቀርጻት።

የመጀመሪያው ሰዓት ጥሩ ነበር። ንፋስ አልነበረም፤ ላንጋኖ በግራዋ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል፣ ግራሮቹ ጥላቸውን አስፋልቱ ላይ ጥለዋል። አሥራ አምስት ሰው ያህል ቀደመች። ለጥቂት ደቂቃ፣ ራጁን የተነሳችው ሌላ ሴት እንደሆነች ሆኖ ተሰማት።

መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የመንደሩ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመዋል። በመሃላቸው አባቷ በሁለት ዱላው ተደግፎ ቆሟል፤ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። «መጣች! መጣች!» ሲሉት ሰማች። ቁልቁለት ስለነበር ሳይክሉ ይበራል።

«አባ!» ብላ ጮኸች።

ሆራ ቀና ማለት ስለማይችል እሷን ለማየት ሙሉ ሰውነቱን ወደ ጎን ማዞር ነበረበት። አንዱን ዱላ አነሳ፣ እግሩን አስከተለ፣ ሌላውን ዱላ አነሳ። ዞሮ ሳይጨርስ አልፋው ነበር። እሷም ዞራ ልታየው አልቻለችም። በስፖኪዮው ውስጥ ብቻ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የጎበጠ ሰው ሌሎች ሰዎች ክንዱን ይዘው እሷ ወዳልነበረችበት አቅጣጫ ሲያዞሩት አየች። ፍሬን ልትይዝ አሰበች። ጣቶቿ ፍሬኑ ላይ ነበሩ። ግን አልያዘችም፤ ከያዘች እንደማትነሳ ገብቷት ነበር።

ነገሌ ላይ ሳይክሉን ለኡበይደላ ሰጥታ መሮጥ ጀመረች። «ደህና ነሽ? ፊትሽ አላማረኝም» አላት። «ደህና ነኝ፣ ጋሼ።» ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የቀኝ እግሯ ጣቶች ላይ ጉንዳን መራመድ ጀመረ። ፍጥነቷን ቀነሰች። ጉንዳኑ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወጣ፣ ወደ ጉልበቷ ወጣ። አሥራ አንደኛው ላይ ጠፋ። ከዚያ በኋላ እግሯ መሬት መርገጡን የምታውቀው በድምፁ ብቻ ነበር። ጥቂት እርምጃ እንደሄደች ጉልበቷ ከዳት፤ በሁለት እጇ አስፋልቱን ይዛ ተንበረከከች።

መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴት ሮጣ መጥታ በብብቷ ይዛ አነሳቻት፤ ጆንያ አንጥፋም አስቀመጠቻት። ሌሎቹ ሯጮች አንድ በአንድ አለፏቸው። አንዳንዶቹ «አይዞሽ!» አሏት። ሴትዮዋ የቡዜን እግር እያሻሸች «ይሰማሻል? አሁንስ ይሰማሻል?» ትላታለች። ቡዜ የሴትዮዋን እጅ ታያለች እንጂ ምንም አልተሰማትም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የቀሩትን የሚሰበስበው ሚኒባስ መጣ።

ሻሸመኔ ስትደርስ ባነሩን እያወረዱት ነበር። ይትባረክ ስልኩን እንደያዘ ወደ ሚኒባሱ ሮጠ። ደግፎ አወረዳት፣ አቀፋት።

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ። ለከርሞ ትጨርሺዋለሽ።»

«ለከርሞ የለም።»

«እንዲህ አትበይ፣ አሁን ደክሞሽ ነው—»

«ይትባረክ፣ ስማኝ።»

እዚያው ከተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ራጁን፣ ዶክተሯን፣ የአባቷን ጉንዳን። ይትባረክ ስልኩን በኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው፣ እንደገና ከተተው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ሩጪ አትለኝም ነበር።»

«እንዴት ብዬ እልሻለሁ!»

«ብሮጥም ባልሮጥም መጨረሻው አንድ ነው። እስከዚያው ልሩጥ ብዬ ነው።»

«እና አሁን ምን እናድርግ?»

«ምንም» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ የምታውቀው መልስ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ይትባረክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰ።

አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ሌላ ሐኪም አዩ። ራጁ እንደገና ተነሳ፤ መልሱ ያው ሆነ። እግሯ ስሜቱ ተመልሶላት ነበርና ቡዜ ሚያዝያንና ግንቦትን ቀስ እያለች ሮጠች። አሥር ኪሎ ሜትሩ ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ አራት። ኡበይደላ ሳይክሉን ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ ለማንም አልሸጠውም፤ እሷም ልምጣና ልየው አላለችም።

ሰኔ ሲገባ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በካፊያ፣ በወንጂ መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጣ ተመለሰች። የመጨረሻዋ እንደሆነ አላወቀችም። ጭቃውን ከጫማዋ አጥባ መስኮት ላይ አሰጣችውና ሥራዋ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ወደ እግሯ ለማጎንበስ ሞከረች። ወገቧ አልታጠፈም። ደግማ ሞከረች። ይትባረክ ከጀርባዋ ሲያያት ቆይቶ ከአልጋው ወረደና ከፊቷ ተንበረከከ፤ ካልሲዋን ወስዶ ጠቀለለው፣ ጣቶቿን አስገባ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሳበው።

ሁለተኛውንም አጠለቀላትና ጫማዎቿን አነሳ፤ «ግራው ነው መጀመሪያ?» አላት።

«የቱም ይሁን» አለችው።