የአማቴ ሳሎን እብጠት

የሚስቴ አባት አቶ ታደለ፣ እኔ ያነጠፍኩላቸው ወለል መሐሉ ላይ አበጠ ብለው ሽማግሌ ጠሩብኝ። በወረታ ሽማግሌ የሚጠራው ድንበር ሲገፋ፣ በሬ የሰው ማሳ ሲገባ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ነው። ለፓርኬ ሽማግሌ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከምኖርበት ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተጨናንቄ፣ ሐሙሲት ላይ ግማሽ ሰዓት ተገትሬ ስደርስ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች እብጠቱን ከበው ተቀምጠዋል። ሬሳ የሚጠብቁ ነበር የሚመስሉት።

አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ወለል ማንጠፍ ነው። አቶ ታደለ ግን ልጃቸውን ፀገነትን ካገባሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ ብለው ቆጥረውት አያውቁም። ሰው ሲጠይቃቸው «እንጨት መሬት ላይ ያስተኛል» ነው የሚሉት። ጥቅምት ላይ አዲሱ ቤታቸው ሲያልቅ የሳሎኑን ወለል በስጦታ የሠራሁት ለዚህ ነው። ለቤቱ አዝኜ አልነበረም። አንድ ቀን በሰው ፊት «አማቼ ነው የሠራው» እንዲሉልኝ ነበር። አሁን ወለሉ በሁለት ወሩ የከብት ሆድ አክሎ ተነፍቷል፤ ዛሬ ጥፋቱ የእኔ ነው ከተባለ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም ይወጣልኛል።

ሽማግሌዎቹ እኔ ሳልደርስ ምርመራውን ጀምረውታል። ዋናው ሽማግሌ አቶ አለኸኝ፣ ከሥር ያለው የፎገራ ዋልካ አፈር ነው፣ ዋልካ ክረምት ያብጣል አሉ። ወሩ ታኅሣሥ መሆኑን ማንም አላስታወሳቸውም። ሁለተኛው ፍልፈል ነው አሉ። ሦስተኛው እንጨቱ ሲቆረጥ ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንጨቱ የመጣው በኮንቴነር ነው፤ ጨረቃዋን አላየኋትም። የሚስቴ እናት ወይዘሮ ውባንቺ ደግሞ የጎረቤት ዓይን ነው ብለው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ገላመጡ።

ይህ ወለል ወጥ እንጨት አይደለም። ላዩ ስስ የኦክ እንጨት ነው፤ ሥሩ ተነባብሮ የተጣበቀ ኮምፐርሳቶ ነው። ከወጥ እንጨት ይልቅ ጠባዩ የረጋ ነው፤ ሲያብጥ ያለ ምክንያት አያብጥም። የእርጥበት መለኪያዬን አውጥቼ በግድግዳው ዳር ስወጋው ደረቅ ነው። ወደ መሐል ስሄድ ቁጥሩ ወጣ፤ እብጠቱ ላይ ስደርስ ጭራሽ ተሰቀለ። እርጥበቱ ከሥር ካለው የሲሚንቶ ሊሾ ቢሆን ሁሉም ቦታ ይዳረስ ነበር። አንዷን ሳንቃ ፈልቅቄ ሥሯ ያነጠፍኩትን ላስቲክ በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ አቧራ ብቻ ነው። ውሃው የመጣው ከላይ ነው።

ወይዘሮ ውባንቺን፣ እንደ ድሮው የጭቃ ወለል ውሃ እየረጩ ይጠርጉ እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኳቸው። ከደረቅ ጨርቅ በቀር አስነክተውት እንደማያውቁ ምለው ተገዘቱ፤ እስከ ማታም አኮረፉኝ። አቶ ታደለ ይህን ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነበር። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር የለም።

በቢላ ጫፍ የሳንቃዎቹን መገናኛ ስፈለፍል የሩዝ ገለባ ወጣ። ቀጥሎ ያልተፈተገ ሩዝ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እፍኝ የሚሞላ። አንደኛዋ ፍሬ አቆጥቁጣ አረንጓዴ ሆናለች። አሥራ ሁለት ዓመት ወለል ሳነጥፍ ያበቀለ ወለል አይቼ አላውቅም። መዳፌን ዘርግቼ ለሽማግሌዎቹ አሳየሁ። አቶ አለኸኝ ፍሬዋን አንስተው አሸተቱና ወደ ቤቱ ባለቤት ዞሩ።

አቶ ታደለ የሆነውን ተናገሩ። ኅዳር ላይ ሩዛቸው ታጭዶ ተወቅቶ ሳለ ያልታሰበ ዝናብ ወረደበት። አስፋልት ዳር እንዳያሰጡት ዝናብ፣ ጎተራ እንዳይከቱት እርጥብ። ሚስታቸው ጣራ ገዳም ለንግሥ ሄደው ሦስት ቀን ሲቆዩ፣ ሰባት ጆንያ ሩዝ ሳሎን አስገብተው በእኔ ኦክ ላይ አሰጡት። በእግራቸውም እያገላበጡ አደረቁት።

«ምን ላርግ፣ የት አባቴ ላድርሰው?» አሉ። «ከዚህ የለሰለሰ አውድማ አገር ላይ የለም። ገበያ ስወስደው ጠጠር የሌለበት ሩዝ ከየት አመጣኸው አሉኝ። አማቼ የሠራው ወለል ላይ ነው የደረቀ አልኋቸው፤ ሐሰት ነው?»

ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ ለመለየት ጊዜ አላገኘሁም። ሦስት ዓመት የጠበቅኳትን ቃል ለካ እኔ በሌለሁበት፣ ለሩዝ ገዢ ተናግረዋታል። አቶ አለኸኝ ወዲያው ፍርድ ሰጡ፤ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው፣ ተነሥቶ ልጁን ይቅርታ ይበል። የስድሳ ስምንት ዓመቱ ሰውዬ ጉልበታቸውን ይዘው መነሣት ጀመሩ።

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። ነፃ ወጥቻለሁ፤ ሽማግሌ ፈርዶልኛል። ግን ከግድግዳው ሥር የወለሉን ዳር የሚሸፍነውን ዞኮሎ እያየሁ ዝም ማለት አላስቻለኝም፤ ከኋላው ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። መዶሻዬን አንሥቼ አንዱን ዞኮሎ ነቀልኩት። ሳንቃው ከግድግዳው ጋር ሙጭጭ ብሏል፤ ወረቀት አያስገባም።

የእንጨት ወለል ከግድግዳው በጣት ያህል መራቅ አለበት፤ እርጥበት ሲያገኘው የሚሰፋበት ይፈልጋል። ሳነጥፍ መጀመሪያ እንደዚያው አድርጌ ነበር። አቶ ታደለ ክፍተቱን አይተው በጎረቤት ፊት «እንጨት አነሰህ እንዴ?» ቢሉኝ አፈርኩ። ምክንያቱን በማስረዳት ፈንታ ሁሉንም አፍርሼ ግጥም አድርጌ አስጠጋሁት። ጣት የምታህል ቦታ ቢኖረው ኖሮ ሩዙ ሲያረጥበው ትንሽ ተወጥሮ ሲደርቅ ይመለስ ነበር። መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተነሣ።

«አባየ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። «ሩዙ ባይኖርም በሚቀጥለው ክረምት ማበጡ አይቀርም ነበር። እያወቅኩ ነው ያበላሸሁት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ አለኸኝ ተቆጡ፤ ፍርዱን ከሰጡ በኋላ አዲስ ጥፋት የሚያመጣ ሰው አይተው እንደማያውቁ፣ አሁን ማንን ይቅርታ አስብለው እንደሚሄዱ ጠየቁ። አቶ ታደለ ቁጭ ብድግ ሲሉ ቆይተው፣ ዞኮሎው የነበረበትን ቦታ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ጥፍራቸውንም ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባም። ከዚያ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ፍርዱን ተወው አለኸኝ» አሉ። «እኔም ደበቅሁ፣ እሱም ደበቀ። ገና ዛሬ መዛመዳችን ነው።»