ሊፍት ያደነዘዘ ጣት

ልጄ በኤሌክትሪክና ኮምፒውተር ምህንድስና ተመረቀች። እኔ የሰማሁት "ኤሌክትሪክ" የሚለውን ብቻ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ከረጅም ስም ውስጥ የሚያውቃትን ቃል ይዞ ይሮጣል፤ እኔም ይዤ ሮጥኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለመለካት ለመጣ ሁሉ "ልጄ ሰፈሩን መብራት በመብራት ልታደርገው ነው" እያልኩ ከረምኩ።

ሁለት ሥራ መጣላት። አንዱ የመብራት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሄልሜት፣ መሰላል የተጫነበት መኪና፣ ጡረታ። ሌላው አንድ ትንሽ ቢሮ ነው፤ ሊፍት የትኛው ፎቅ ላይ መቼ እንደሚቆም የሚያዝ ፕሮግራም የሚጽፉበት። የመብራቶቹ መልስሽን እስከ ዛሬ አሳውቂን ብለዋታል። የሊፍቶቹ ደግሞ ለሙከራ የሠራችውን ፕሮግራም ዛሬ አይተው ወይ ይቀጥሯታል ወይ ያሰናብቷታል።

"የመብራቱን ያዢ" አልኳት ጠዋት።

"እማ፣ እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው።"

"ሊፍት እኮ በር ያለው ሳጥን ነው! ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?"

"ያንቺስ መርፌ ወደ ላይ ወደ ታች አይደል የሚለው?" ብላኝ ወጣች።

ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? መቼ አርፌ አውቃለሁ! ምሳዋን ረስታለች ብዬ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥዬ ሄድኩ። አልረሳችም፤ ከቦርሳዋ ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

ቢሮው ሽቦ የሞላበት ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ እውነተኛ የሊፍት ቁልፎች የተደረደሩበት የብረት ሰሌዳ አለ። ቁልፉን ሲጫኑት ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽዬ ሳጥን ፎቅ ለፎቅ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። አለቃዋ፣ ረጋ ያለ መነጽራም ሰውዬ፣ ቆሞ ያያል። ልጄ አንዱን ቁልፍ በስሱ ትነካለች፣ ትጠብቃለች፣ ሳጥኗ ትደርሳለች።

"ቆንጆ ነው" አለ አለቃው።

"ይዘገያል" አልኩ ከበሩ ላይ።

የልጄ ፊት ደም መሰለ። "እማ! ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

"ምሳሽን ነዋ። ደግሞ እየዳበሳችሁት እንዴት ይፍጠን!" ብዬ ተጠጋሁ። እኔ ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭኜ አላውቅም። የተነዘነዘ ማሽን ፈጥኖ ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ላይም የሠራልኝ ዘዴ ነው። ዕድሜውን መርፌ ሲገፋ በኖረ ጣቴ ሦስተኛ ፎቅን ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ስድስተኛን ጠቅ ጠቅ፣ ተመልሼ ሦስተኛን፣ መዝጊያውን፣ መክፈቻውን። ሳጥኗ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሀል ቀጥ አለች። ስክሪኑ ደነዘዘ።

"እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?" አለ አለቃው።

ልጄ አላውቃቸውም ብትል አልፈርድባትም ነበር። "እናቴ ናት" አለች መሬት መሬቱን እያየች።

"እንግዲህ እንደ እናትሽ የሚጫን ሰው በየፎቁ አለ። ከሥራ ሳንወጣ እንዳይደነዝዝ አድርጊው። ካልሆነ ልቀጥርሽ አልችልም።"

እኔ የምፈልገው እኮ ይሄንኑ ነበር! ካልተስተካከለ ልጄ ሄልሜቷን ታጠልቃለች። ታዲያ ለምን ምሳ ዕቃውን አስቀምጬ አልሄድኩም? ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋች። ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ልክ እኔ የተበላሸ ስፌት ስፈታ እንደማደርገው ታጉተመትማለች። ምሳውን ዞር ብላም አላየችው።

በመጨረሻ ወንበር ሳበችልኝ። "ነይ ተጫኚ።"

"እኔ?"

"አንቺ። እንዳትራሪለት።"

ቀስ ብዬ ብነካላት ታልፍ ነበር። ግን አለቃው አጠገቤ ተገትሯል፤ ደግሞም ቀስ ብሎ መንካት አልችልበትም። በሁለት እጄ ወረድኩበት። ሲብስ በክርኔ። ሳጥኗ ሄደች፣ ቆመች፣ ከፈተች፣ ሄደች። ጣቴ ሊያደነዝዛት ይታገላል፣ አፌ ግን "በርቺ እናቴ፣ በርቺ!" ይላታል። እኔ ደከመኝ፤ ሳጥኗ አልደከማትም።

"ነገ ጠዋት ሥራ ጀምሪ" አለ አለቃው።

ልጄ እዚያው ቆማ ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ደወለች። "ይቅርታ፣ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ" ስትል ሄልሜቱም መኪናውም ጡረታውም ባንዴ ሲሄዱ ታየኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን አንስቼ አቀበልኳት።

"ምን ልትዪ ነበር?" አለችኝ።

"ምሳሽ ቀዝቅዟል።"

ኮሪደሩ ላይ ወደ ደረጃው ሳመራ ክንዴን ያዘችኝ። "በሊፍት ነው የምንወርደው።"

ገባን። በሩ ለመዘጋት የወሰደውን ጊዜ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። እሷ ትጫን።