«ቤት አይደለሽ እንዴ?»

ከቢሮ የለቀቅኩት አለቃዬን ሸሽቼ ነው። የምንጽፈውን ከጀርባችን ቆሞ ስለሚያነብ «ጥላው» እንለዋለን። ሥራዬ በድምፅ የተቀዳ የፍርድ ቤት ችሎት እየሰሙ መጻፍ ነው፤ ይህ ደግሞ ቤትም ይሠራል። «ተገላገልኩ!» ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ሞኝ!

በሳምንቱ ባሌ እናቱን የምትጠብቀውን ሴት አሰናበታት። እማማ የምላቸው አማቴ ከወደቁ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ አይራመዱም። «አንቺ ቤት አይደለሽ እንዴ?» አለኝ፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። እህቱ ቁልፏን እኔ ጋ ትጥላለች። ጎረቤታችን ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣላት በሯን እንድከፍትለት ታዘኛለች። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እያዩኝ እኮ ነው!

እማማ ደግሞ ወሬ ይወዳሉ። ሶፋቸው ላይ ሆነው ለእኔም ለድስቱም ያወራሉ። አንድ ቀን በአንድ ጆሮዬ ምስክሩን፣ በሌላው እሳቸውን እየሰማሁ ጻፍኩና ላክሁት። ዳኛው መዝገቡን ሲያነቡ ምስክሩ እንዲህ ይላል፦ «ተከሳሹን በሩ ላይ አየሁት፤ ሽንኩርቱ እንዳያርርብሽ አማስዪው።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ አሉ። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥላው ወዲያው ደወለ።

«ሁለተኛ ከተሳሳትሽ ውልሽ ይቋረጣል። ካልሆነ ተመለሽ፣ ወንበርሽ አልተያዘም። ነገ አራት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ ቁርጡን ንገሪኝ።»

እመኑኝ፣ ያን ሰውዬ ላቅፈው ቃጣኝ።

እራት ላይ ለባሌ ነገርኩት።

«እማዬንስ ማን ያያታል?»

«ሰው እንቅጠራ!»

«ያቺን ሴት ስንት ጊዜ ፈልገን እንዳገኘናት ረሳሽው? አሁን ሌላ ቤት ገብታለች።»

ይህን ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። እማማ ሶፋቸው ላይ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል።

በነጋታው ባሌ እንደወጣ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ያንን ነገር ከጆሮሽ አውልቂ። ቢሮሽ ተመለሽ። እኔ ብቻዬን እችላለሁ።»

«እማማ፣ ኧረ ይቀመጡ!»

«ዝም ብለሽ እዪኝ!»

የሶፋውን ክንድ ተደግፈው ተነሡ። አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ሁለት። በሦስተኛው ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠና ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሮጬ ወገባቸውን ደገፍኩ።

«አየሽ አይደል?» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ።

«አየሁ፣ እማማ።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። በአንድ እጄ እሳቸውን እንደያዝኩ በሌላው አነሳሁት።

«እህስ፣ ትመጫለሽ?» አለ ጥላው።

ባዶው ወንበሬ ታየኝ። እንባዬ መጣ።

«አልመጣም» አልኩት።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ እማማ፣ ግድግዳውን እንደያዙ።