ለሴኒሳ ያልተነገራት

በባሕር ዳሯ መንደር በኤል ሳልትሬ ሰው ሲሞት ለፈረሱ ይነገራል። የሟቹ ባርኔጣ ለፈረሱ አፍንጫ ቀርቦ ይሸተታል፣ አረቄ የፊት እግሮቹ ላይ ይፈሳል፣ ከዚያ ሚስት ካለች ሚስቲቱ ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ «ጌታህ ሞቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ የእገሌ ነህ» ትለዋለች። ቄሱ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ። እሳቸው የሚሄዱት በሞተር ብስክሌት ነው።

ለሴኒሳ ግን ማንም አልነገራትም።

ሴኒሳ አመድ የመሰለች ባዝራ ናት። እንግዶችን ጭኖ በባሕሩ ዳር የሚሄደውን የፈረስ ሰልፍ የምትመራው እሷ ናት። ሌሎቹ ፈረሶች ልጓም የሚደረግላቸው ለጌጥ ነው፤ ላያቸው ላይ የተቀመጠው ሰው ቢስብ ቢለቅ ጉዳያቸው አይደለም። ዓይናቸው ሴኒሳ ጭራ ላይ ነው። ስትሄድ ይሄዳሉ፣ ስትቆም ይቆማሉ። በሕይወቱ ከወንበር በቀር ምንም ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ከከተማ መጥቶ እንደ ጀግና ፎቶ ተነሥቶ የሚመለሰው በእሷ ነው።

ጌታዋ ዶን ኒካኖር ነበር፤ የዶኛ ብራውልያ ባል። ባለፈው ክረምት ወንዙ የአሸዋውን ግርዶሽ ሰብሮ ከባሕሩ ጋር ተገናኘ። ቦካ በሚሉት በዚያ አፍ ላይ የአንዲት እንግዳ ፈረስ ደንብሮ ሴትዮዋን ይዟት ውኃ ውስጥ ገባ። ኒካኖር በሴኒሳ ተከትሎ ገብቶ ፈረሱን ከነሴትዮዋ ገፍቶ አወጣ። ቀጥሎ የመጣው ማዕበል ሴኒሳን መለሳት፣ ኮርቻዋ ግን ባዶ ነበር። በማግስቱ ባርኔጣው ዳር ላይ ተገኘ። እሱ አልተገኘም።

«አልተገኘም ማለት ሞተ ማለት ነው ያለው ማነው?» አለች ብራውልያ። ባርኔጣውን አራግፋ ራሷ ላይ ደፋችው። ጥቁር አልለበሰችም። ሊያለቅሱ የመጡትን ጎረቤቶች «ማን ሞቶባችሁ ነው? ሂዱ የየራሳችሁን ባል አልቅሱ፤ ቆሞ የሚሄድ ሬሳ ያላችሁ እናንተ ናችሁ» ብላ ከደጅ መለሰቻቸው።

አሁን ሰልፉን በሴኒሳ ላይ ሆና የምትመራው የልጅ ልጇ ኢመልዳ ናት። እናቷ በጨቅላነቷ ትታት ስለሞተች ያሳደገቻት ብራውልያ ናት፤ ብራውልያም በዚህች ምድር ላይ ከእሷ ሌላ የቀራት ሰው የለም። ኢመልዳ እንግዶቹን ቦካን አሻግራ ከማዶ ወዳለው የዘንባባ ዳስ ታመጣቸዋለች። እዚያ ብራውልያ ጠብቃ ታቀምሳቸዋለች፤ ቤታቸውም ከዳሱ ኋላ፣ ከማንጎዎቹ ሥር ነው።

የምታቀምሳቸው ራይሲያ ነው። እዚያ ተራራው ላይ፣ የቃጫ ዘመድ የሆነው እሾሃም ተክል ልቡ ወጥቶ፣ በጉድጓድ እሳት በስሎ፣ ተወቅጦና ተብላልቶ የሚወጣ አረቄ። ብራውልያ ክንዷን ከፍ አድርጋ ከአንዱ አንኮላ ወደ ሌላው ስታንቆረቁረው ላዩ ላይ አረፋው እንደ ዶቃ ይደረደራል።

«ዶቃው ቆመ? ከቆመ ጠጣ» ትላለች። «ካልቆመ እግርህን ታጠብበት። ደግሞ እንደ መድኃኒት አትጨልጠው፤ አፍህ ውስጥ ይቀመጥ፣ ይናገርህ!»

እንግዶቹ ይስቃሉ፤ ብርቱካን በበርበሬ እየነከሩ ይመጥጣሉ። አንድ አንኮላ ግን ለእንግዳ አይሰጥም። ዳሱን የተሸከመው ምሰሶ ሥር ሞልቶ ይቀመጣል፤ የኒካኖር ነው። ማታ ማታ ብራውልያ ስታነሣው ባዶ ነው። ማን እንደጠጣው ጠይቃ አታውቅም። ታጥበዋለች፣ ትሰቅለዋለች፣ በልቧ ደስ ይላታል።

አንድ ጠዋት አረቄ አውጪው ዶን ፊደንስዮ አረቄውን በደምጃን በበቅሎ ጭኖ ከተራራ ወረደ። ኢመልዳ ሴኒሳን እያጠበች ነበር።

«አያቴ፣ ትናንት እርካቤ ውኃ ነካ» አለች ኢመልዳ።

«ሙቀት ነው። ፈረስም ይሞቀዋል።»

«ሙቀት አይደለም። ቦካ ስንደርስ ወደ ባሕሩ ትዞራለች። ልጓሙን ስስብ አፏ ይደማል እንጂ አትሰማኝም። ሌሎቹም ተከትለዋት ይገባሉ፤ እንግዶቹ የጉዞው ጨዋታ መስሏቸው በደስታ ይጮሃሉ። በፊት ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ነበር፤ ከዚያ ጉልበቷ። በየቀኑ እየራቀች ነው።»

«ሌላ ፈረስ ከፊት አድርጊ።»

«አደረግኩ'ኮ! ቆሞ እሷን ይጠብቃል።» ኢመልዳ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረችው። «ንገሪያት፣ አያቴ።»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ ምኑን።»

ፊደንስዮ ደምጃኑን እያወረደ ሳለ በጎን አያት። «ብራውልያ፣ ይህች ባዝራ ጌታ አላት ወይስ የላትም? ካላት ይምጣና ይጋልባት። ከሌላት ንገሪያትና ትረፍ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? አረቄህን አውርድና ሂድ። ባለፈው ያመጣኸው ደግሞ ዶቃው ገና ሳይቆም ነው የሞተው።»

«እሰይ፤ ለዶቃው ሞተ ማለት ትችያለሽ ለካ!»

የደምጃኑን ውታፍ አንሥታ ወረወረችበት። ጎንበስ ብሎ አሳለፈው፤ አልሳቀም ግን።

«በገዛ አፌ ገድዬው በፈረስ ጆሮ ልቅበረው?» አለች። «አላደርገውም። ሲመጣ ምን ልለው ነው?»

ሴኒሳ ጆሮዋን ወደ ባሕሩ ቀስራ ቆማ ነበር።

በዚያው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰልፉ መጣ። የሁሉም ሱሪ እስከ ጭኑ ርሷል። ከፈረስ ወርደው እግራቸውን እንደ መቀስ ከፍተው ወደ ዳሱ ገቡ። ኢመልዳ ፊቷ ነጥቷል፤ አያቷን ሳታናግር የፈረሶቹን የኮርቻ ጠፍር ልታላላ ሄደች።

ከእንግዶቹ መካከል ከሞንቴሬይ የመጣች አንዲት ወፈር ያለች፣ ነጭ ሱሪ የለበሰች ሴትዮ ነበረች። ሁለተኛውን አንኮላ ተቀብላ ዙሪያዋን ቃኘች።

«እሳቸውስ አይቀምሱም?»

«እነማን?»

«ሽማግሌው ናቸዋ። ከፊት ከፊት በእግራቸው እየሄዱ ባዝራዋን የሚስቧት። እዚህ ድረስ በእግር ተጉዘው እንዴት አንድ አንኮላ አይደርሳቸውም?»

ብራውልያ የምታንቆረቁረው አረቄ እጇ ላይ ፈሰሰ። «ምን ይመስላል?»

«አንድ ትከሻቸው ዘመም ያለ። በባዶ እግራቸው ናቸው። ባርኔጣ እንኳ የላቸውም፣ ምስኪን፣ በዚህ ፀሐይ። ልብሳቸው እስከ ደረታቸው ርሷል፤ ገና ውኃው አጠገብ ሳንደርስ'ኮ ነው!»

የኒካኖር ትከሻ የዘመመው ወጣት ሳለ ከፈረስ ወድቆ ነው። ይህን ለሴትዮዋ ማንም አልነገራት። ብራውልያ እጇ ሳታዝዘው ወደ ባርኔጣው ሄደ። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ፤ ደስታ ነበር፣ የለየለት ደስታ። አላልኩም? አላልኩም፣ እናንተ የመንደር ጉጉቶች? እያለች በሆዷ መላ ኤል ሳልትሬን ሰደበች። የኒካኖርን አንኮላ ጢም አድርጋ ሞልታ ምሰሶው ሥር አኖረች።

«ምን ይላል? ይናገራል?»

«እኛን አያናግሩንም። ባዝራዋን ግን ያንሾካሹኩላታል።» ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ደስ የሚል ወሬ እየነገረች መስሏት ፈገግ አለች። «‹ደረስን፣ ቤታችን ደረስን› ይሏታል። ‹ልጅቷን እንዳትጥያት፤ ቀስ እያልሽ ግቢ› ይሏታል። እንዴት ደግ ናቸው!»

«ቤታችን'ኮ ይኸው፣ ከኋላሽ ነው።»

«እሳቸውማ የሚያመለክቱት ወደ ባሕሩ ነው።»

ብራውልያ በዚያች ሰዓት ተነሥታ ‹ኢመልዳ፣ ዛሬ አትመለሱም፣ እዚሁ እደሩ› ማለት ትችል ነበር። አላለችም። እንዲያ ብትል ፊደንስዮ ልክ ነበር ማለት ይሆናላ! አንገቷን አቅንታ እንግዶቹ ሲወጡ፣ ኮርቻ ላይ ሲንጠላጠሉ፣ ሲሳሳቁ ቆማ አየች። ኢመልዳ አንዴ ዞራ አየቻትና ሴኒሳን አንቀሳቀሰች።

ከዚያ ብራውልያ ዝቅ ብላ የኒካኖርን አንኮላ አነሣች። አሁን የሞላችው ነው። ባዶ ነው። ታቹ ላይ እርጥብ አሸዋ ተኝቷል፤ አሸዋው ውስጥ ከአተር የማትበልጥ ቀንድ አውጣ ከነሕይወቷ ትርመሰመሳለች።

ለስንት ወር የጠጣላት መስሏት ነበር። ለካ ባሕሩን እያመጣ ነበር።

ቀና ስትል ሰልፉ ቦካ ደርሶ ተጠምዝዟል። ሴኒሳ ባሕሩ ውስጥ ገብታ ሆዷ ተሸፍኗል፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ፣ አፍንጫቸውን ከፊተኛው ጭራ ሳያርቁ፣ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ይገባሉ። እንግዶቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ይጮሃሉ። ኢመልዳ ልጓሙን በሁለት እጇ ወደ ኋላ እየጎተተች ነው።

«አያቴ! አያቴ፣ አልቆም አለች!»

ብራውልያ አረቄ ያለበትን ቅል ነጠቀችና ሮጠች። ጉልበቷ ለሩጫ የሚሆን አልነበረም፤ ቢሆንም ሮጠች። ቀሚሷ ውኃ ጠጥቶ እንደ ሕፃን እግሯ ላይ ተጠመጠመ። ሴኒሳ ጎን ስትደርስ ማዕበሉ ጡቷን ይመታት ነበር።

«ተመለሺ፣ አንቺ እርጉም! ተመለሺ!»

ባዝራዋ ጆሮዋን እንኳ አላዞረችላትም። ዓይኗ ከፊቷ ሰው ቢቆም ፊቱ የሚሆንበት ቦታ ላይ ተተክሏል። የአንገቷ ገመድ ወደ ፊት ተወጥሯል። ጫፉ አየር ላይ ነው፤ የያዘው የለም፣ ግን እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል።

ብራውልያ ባርኔጣውን ከራሷ አውልቃ የባዝራዋ አፍንጫ ላይ አፈነችው። ቅሉን የባዝራዋ የፊት እግሮች ባሉበት ውኃ ላይ ገለበጠችው። ጆሮዋ ሥር ተጠጋች።

«ኒካኖር...» አለች። ጨዋማ ውኃ አፏን ሞላው። ተፋችው። «ኒካኖር...»

«አያቴ!»

«ሞቷል!» ብላ ጮኸች ብራውልያ። «ሰማሽ? ኒካኖር ሞቷል። ውኃ ወስዶታል። ከሞተ ቆይቷል፣ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የኢመልዳ ነሽ!»

ገመዱ ረገበ። ውኃው ላይ ወድቆ እንደ ማንኛውም ገመድ ተንሳፈፈ። ሴኒሳ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፣ ከእንቅልፍ የባነነች ይመስል ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ረጅም ጩኸት ጮኸችና ወደ ዳር ዞረች። ሌሎቹም ዞሩ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንዱ ፈረንጅ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ እንደገና ይደረግልኝ አለ። ብራውልያ የመለሰችለትን ቃል ኢመልዳ አልተረጎመችለትም።

ያቺ የሞንቴሬይ ሴትዮ ግን አላጨበጨበችም። ዳር ሲደርሱ ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

«ገመዱን ለቀቁት» አለች። «እርስዎን አዩዎት። ከዚያ በአጠገብዎ አልፈው ወጡ። ወደዚያ ሄዱ።» ጣቷ ወደ ማንጎዎቹ አመለከተ።

«ተቆጥቷል?»

«አልተቆጡም። መንገድ የጠፋበት ሰው ነው የሚመስሉት።»

«ኢመልዳ፣ ሰዎችሽን አድርሻቸው» አለች ብራውልያ። «ከእንግዲህ እሺ ትልሻለች።» ባርኔጣውን ጨምቃ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች።

ገና ብርሃን አለ። ከባሕሩ ተነሥቶ አሸዋውን አቋርጦ፣ በማንጎዎቹ ሥር አልፎ፣ የባዶ እግር ዱካ እስከ በረንዳዋ ይሄዳል፤ ወለሉ ላይ እርጥብ ነው። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት እንደ ድሮው ወደ ውጭ ተንጋዷል። በሩ አጠገብ፣ ኒካኖር ባርኔጣውን ይሰቅልበት የነበረው ምስማር ሥር ዱካው ቆሟል። የሚመለስ ዱካ የለም። ከቆመበት ቦታ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከላይ ግን ምንም የለም።

ብራውልያ ቆመች። ስንት ወር ሙሉ በዚህ በረንዳ ላይ ይህንኑ ስትጠብቅ ኖራለች። እጇን ብትዘረጋ ይነካት ይሆናል።

«ኒካኖር» አለች። «ለፈረሷ ነገርኳት፤ ገባት። አንተ ድሮም ከፈረስ የባስክ ደንቆሮ ነህ፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ ነው የምነግርህ። ሞተሃል።»

ውኃው መንጠባጠቡን ቀጠለ።

«ልጅቷ የእኔ ናት፤ አትወስዳትም። ባዝራዋ የልጅቷ ናት፤ አትጠራትም። ባርኔጣው ያንተ ነው።» ምስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ እጇንም ቶሎ መለሰች። የደንቡ መጨረሻ ቀርቷል፤ የማን እንደሆነ መነገር አለበት። ማለት የፈለገችውን ዋጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ የባሕሩ ነህ» አለች።

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ መንጠባጠቡ እስኪያቆም ቆመች።

ኢመልዳ እንግዶቹን አድርሳ በሴኒሳ ተመልሳ ስትመጣ፣ አያቷ ደፍ ላይ በባዶ ራሷ ተቀምጣ አገኘቻት። ሽበቷ በነፋስ ተበትኗል። ባዝራዋ ወደ ባሕሩ አላየችም፤ ሣር ፈልጋ አንገቷን ደፋች።

ኢመልዳ ባዶውን ምስማር አየችው። «አያቴ፣ ባርኔጣውስ?»

«ባለቤቱ ወሰደው።» ብራውልያ ደፉን ተደግፋ ተነሣች። «ምን ትገተሪያለሽ? ግቢና ከሣጥኑ ጥቁሩን ልብሴን አውጪልኝ። ለፊደንስዮም ነገ ንገሪው፣ ይምጣና ያልቅስ። ከመጣ ግን ዶቃው የሚቆም አረቄ ይዞ ይምጣ።»